የሊጥ ማቡኪያና የኬክ መምቻ ማሽን ለቤት ሲገዙ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሬዳዋና የሐረር የቤት ጋጋሪዎች ባለ መቆሚያ ሚክሰር ከመግዛታቸው በፊትና ከገዙ በኋላ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ጠንከር ወዳለው።

የእጅ ሚክሰር አይበቃኝም? ባለ መቆሚያው የግድ ነው?

በወር አንድ ሁለቴ ኬክ ለሚጋግር ሰው የእጅ ሚክሰር ይበቃል። እንቁላልና ክሬም በደንብ ይመታል፣ ቦታ አይይዝም፣ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል። ሊጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አብረውት የሚመጡት ሁለት ጠመዝማዛ ዘንጎች ለሊጥ ናቸው ቢባልም፣ ዱቄቱ ከ300 ግራም ሲያልፍ ሞተሩ ይግላል፣ ክንድም ይዝላል።

ባለ መቆሚያው ዋጋውን የሚመልሰው በየሳምንቱ ዳቦ ለሚጋግር ወይም የኬክ ትእዛዝ ለሚቀበል ነው። ባለ 8 እንቁላል ስፖንጅ ኬክ ለመሥራት እንቁላሉና ስኳሩ ነጥቶ እስኪወፍር ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያለማቋረጥ መመታት አለበት። በቀን ሦስት ኬክ ለሚያስረክብ ሰው ይህ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማሽን መያዝ ማለት ነው።

ጭንቅላቱ የሚነሳው ይሻላል ወይስ ሳህኑ ከፍ ዝቅ የሚለው?

ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የሚነሳው ለኬክ፣ ለክሬምና ለለስላሳ ሊጥ ምቹ ነው። ሳህኑን ማውጣት፣ መምቻውን መቀየር፣ ጠርዙን መጥረግ ይቀላል። ድክመቱ ማጠፊያው ላይ ነው። ጠንካራ ሊጥ ሲገባበት ጭንቅላቱ ይንጠለጠላል፣ ውሎ አድሮም የማጠፊያው ፒን ይላላል።

ሳህኑ በሁለት ክንድ ተይዞ በመዘውር ከፍ የሚለው ጭንቅላቱ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ጠንካራ ሊጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ከምትጋግሩት ውስጥ የሚበዛው ዳቦ ከሆነ ይህኛው ላይ ገንዘብ ቢጨመር አይቆጭም።

ስንት ሊትር ልግዛ?

ካርቶኑ ላይ ያለው ሊትር ሳህኑ እስከ አፉ ሲሞላ የሚይዘው ነው እንጂ የሚያቦካው መጠን አይደለም። 1 ኪሎ ዱቄት ከ620 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመርበት ከ1.6 ኪሎ በላይ ሊጥ ይሆናል፣ የሚገለባበጥበት ቦታም ይፈልጋል። 5 ሊትር ሳህን ከ700 እስከ 800 ግራም ዱቄት በምቾት ያቦካል፤ 1 ኪሎ የሚችለው ማሽኑ ራሱ ከባድና ጠንካራ ሲሆን ብቻ ነው። የ1 ኪሎ ዱቄት ድፎ በየጊዜው ለሚደፋ ቤት ከ6 እስከ 7 ሊትር ያለው ትክክለኛው ነው።

ትልቅ ሁሉ ግን አይበጅም። በ7 ሊትር ሳህን የ2 እንቁላል ነጭ ለመምታት ቢሞከር የሽቦ መምቻው ከታች አይደርስበትም፣ ፈሳሹ ዝም ብሎ ይዞራል። ኬክ በትንሽ በትንሹ የሚሠራ ሰው ከ4.5 እስከ 5 ሊትር ባለው ላይ ቢቆም ይሻላል።

1500 ዋት የተጻፈበት 300 ዋት ከተጻፈበት አይበልጥም?

አይበልጥም፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዋት ማሽኑ ከመስመሩ የሚስበውን ኃይል ይናገራል፤ ሊጥ የሚያሸው መንጠቆ ላይ የሚደርሰውን ጉልበት አይናገርም። አንዳንዱ ማሽን 300 ዋት ገደማ ስቦ ሞተሩን ከመንጠቆው በሚያገናኝ የብረት ጥርስ (ማርሽ) አማካይነት አብዛኛውን ወደ ሊጡ ያደርሳል። ሌላው ትልቅ ቁጥር ተለጥፎበት ኃይሉ በፕላስቲክ ጥርስ፣ በሙቀትና በጩኸት ያልቃል። «ከፍተኛ» የሚል ቃል ከቁጥሩ አጠገብ ካለ ደግሞ ማሽኑ ሊቆም ሲል ለቅጽበት የሚስበው እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራበት አይደለም።

ከዋት ይልቅ ክብደቱን ይመልከቱ። ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ማሽን 1 ኪሎ ዱቄት ሲገባበት ጠረጴዛው ላይ ይራመዳል፤ ለዳቦ ከ7 ኪሎ በታች ያለውን ባይገዙ ነው የምንመክረው። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ፍጥነት ያዳምጡ። 1 ላይ ሲደረግ ዝግ ብሎ፣ እኩል መዞር አለበት። ገና ከመነሻው የሚሮጥ ከሆነ ዱቄቱን ያቦናል፣ ሊጡንም ያለ ልክ ያሞቃል። ከታች በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ «ኬ ቢ» ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ 5 ወይም 10 ደቂቃ ተብሎ ከሆነ፣ ያለ እረፍት መሥራት የሚችለው ያንን ያህል ብቻ ነው። ባለ 5 ደቂቃው ለኬክ እንጂ ለዳቦ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ሊጥ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ሲሄዱ ግማሽ ኪሎ ዱቄትና 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ እዚያው 5 ደቂቃ ያቡኩበት። ጭንቅላቱ ቢነቃነቅ፣ ድምፁ ቢወርድ ወይም የተቃጠለ ሽታ ቢመጣ በካርቶኑ አይታለሉ።

ከጅቡቲ፣ ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ የመጣው እኛ ጋ ይሠራል?

እኛ ጋ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የጅቡቲም እንደዚሁ ነው። የዱባዩ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ችግር የለውም፤ የሚለየው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ ስፒና ነው። ልል አዳፕተር ከመሰካት ይልቅ በባለሙያ ስፒናውን ማስቀየር ይሻላል፤ ልል ግንኙነት ሊጥ ሲከብድ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከሳዑዲ የመጣው 60 ኸርዝ ይሆናል፤ ዱሮ የተገዛ ከሆነ ደግሞ በ110 ወይም በ127 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ታርጋውን ሳያነቡ እንዳይሰኩት።

የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ ከተሰካ በሰከንዶች ውስጥ ሞተሩ ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ አቅሙም ከማሽኑ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ባለ 325 ዋት ሚክሰር ሲነሳና ሊጥ ሲይዘው ከተጻፈው በላይ ስለሚስብ ከ750 እስከ 1000 ዋት ያለው ይሻላል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ቀላል መቀየሪያዎች የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ያበላሻሉ። የኸርዝ ልዩነት ግን አያስፈራም፤ ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ቁራጭ) ያለው ሞተር በ50ም በ60ም ይዞራል።

መብራት ሲሄድና ሲዋዥቅ ምን ላድርግ?

መብራት እንደሄደ ማዞሪያውን ወደ 0 ይመልሱ፣ ስፒናውንም ይንቀሉ። ብዙ ማሽን የሚጎዳው መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ማዞሪያው 4 ላይ ተረስቶ ሊጡ ሳህኑ ውስጥ እያለ ድንገት ሲነሳ ጥርሱ ይሰበራል። ሊጡ አይበላሽም፤ ክዳን ያድርጉበት፣ መብራቱ ከዘገየ በእጅ ይጨርሱት። የተጀመረ እንቁላል ግን አይጠብቅም፤ በእጅ መምቻ ወዲያው ካልተጨረሰ ይወርዳል።

ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ማሽኑ ይደክማል፣ ሞተሩም የበለጠ ይግላል። መብራቱ ደብዝዞ ካዩ ጠንካራ ሊጥ አያስገቡ። ስታቢላይዘር የሚገዛ ሰው የማሽኑን ዋት እጥፍ የሚችል ይምረጥ።

እንጀራ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይሠራልኛል?

ለእንጀራ ብሎ ባይገዛ ይሻላል። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ብዙ መታሸት አይፈልግም። ለቤተሰብ የሚቦካው መጠንም እዚህ ሳህን ውስጥ አይገባም።

ቦምቦሊኖና ድፎ የዚህ ማሽን ሥራ ናቸው፤ ሊጣቸው ለስላሳና የሚያጣብቅ ስለሆነ በእጅ ያስቸግራል፣ በመንጠቆ ግን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይስተካከላል። ለድፎ መነሻ የሚሆን መጠን፦ 1 ኪሎ ዱቄት፣ 630 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 18 ግራም ጨው፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፤ ድሬዳዋ በሙቀቱ ወራት እርሾው 6 ግራም ይበቃል። በመጀመሪያው ፍጥነት 2 ደቂቃ ማዋሃድ፣ በሁለተኛው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ማሸት። ከሁለተኛው ፍጥነት በላይ ሊጥ አይታሽም። ጥቁር አዝሙዱን በመጨረሻው ደቂቃ ይጨምሩ። ሊጡ መድረሱ የሚታወቀው ከላዩ ትንሽ ቆርሰው ሲለጥጡት ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ነው።

ማሽን የሚገድለው የሳምቡሳ ሊጥ ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ውሃ ስለሚገባበት ድርቅ ያለ ነው። ረመዳን ሲገባ በየቀኑ ሁለት ኪሎ የሚያቦካ ቤት በ5 ሊትር ማሽን በአንዴ ላሳካ ካለ ወሩ ሳያልቅ ጥርሱን ይበላዋል። 500 ግራም ብቻ ያስገቡ፣ በመጀመሪያው ፍጥነት 4 ደቂቃ፣ ከዚያ ሸፍነው 30 ደቂቃ ያሳርፉት፣ ቀሪውን በእጅ ይጨርሱት። ባረፈበት ጊዜ ውሃው ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ሊጡ ራሱ ስለሚለሰልስ የሚቀረው ድካም ጥቂት ነው። በሁለቱ ዙር መካከል ማሽኑም ይቀዘቅዛል።

ድሬዳዋ ላይ ሊጡ ከማሽኑ ሞቆ ይወጣል፣ ዳቦውም ይጎመዝዛል። ለምን?

መንጠቆው ሊጡን ሲያሽ ሙቀት ይፈጥራል። በቤት ማሽን ይህ ወደ 12 ዲግሪ አድርጎ መቁጠር ያስኬዳል። የድሬዳዋ ዱቄትና ክፍል በራሱ 32 ዲግሪ ሲሆን ሊጡ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ እርሾው ይቸኩላል፣ ሊጡ ይልፈሰፈሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። የሚፈለገው 26 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ማስተካከያውም ውሃው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 26 በ3 ሲባዛ 78። ከዚህ ላይ የዱቄቱን፣ የክፍሉንና የማሽኑን ሙቀት ይቀንሱ። 32፣ 32 እና 12 ሲደመሩ 76፤ ስለዚህ ውሃው 2 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ማለትም በረዶ ያለበት ውሃ። በረዶው ከውሃው ጋር ይመዘን፣ ቀልጦም ይግባ፤ ጠጣር በረዶ መንጠቆውን ይመታል። ሐረር ላይ ዱቄቱም ክፍሉም 20 ዲግሪ ከሆነ 20፣ 20 እና 12 ሲደመሩ 52፤ ውሃው 26 ዲግሪ ይሆናል፣ በረዶ አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ላይ በረዶ ማዘጋጀት ለሚያስቸግረው ቀላሉ መንገድ ዱቄቱን ከዋዜማው ፍሪጅ ማሳደር ነው። 8 ዲግሪ የሆነ ዱቄት በ32 ዲግሪ ክፍል ያንኑ 26 ዲግሪ ውሃ ነው የሚጠይቀው።

ቅቤና ስኳሩ አልነጣ፣ ክሬሙም አልቆም አለኝ። ማሽኑ ደካማ ነው?

ከአስሩ ዘጠኙ ጊዜ ጥፋቱ የሙቀት ነው። የገበታ ቅቤ አየር የሚይዘው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቅባት ሆኖ ይንሸራተታል፣ ምንም ያህል ቢመታ አይነጣም። ከፈረንጅ አገር የመጣ አሠራር «ቅቤውን አውጥተህ አሳድር» ሲል ድሬዳዋን አያውቅም። እዚህ ቅቤው ከፍሪጅ ወጥቶ በትንንሹ ተቆርጦ ወዲያው ይገባል፤ የመምቻው ፍትጊያ ራሱ ያለሰልሰዋል። ለክሬም ሳህኑና የሽቦ መምቻው ፍሪዘር ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆዩ፣ ክሬሙ ከፍሪጅ በቀጥታ ይምጣ። 10 ዲግሪ ካለፈ አይቆምም።

በዚህ ምክንያት ሳህን ሲመርጡ የማይዝግ ብረት ይምረጡ። የመስታወት ሳህን ያምራል፣ ግን ለመቀዝቀዝ ይዘገያል፣ ይከብዳልም።

ሊጡ መንጠቆው ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይወጣል፤ ምን ይሻላል?

ሊጡ ለሳህኑ ካነሰ፣ ፍጥነቱ ከበዛ ወይም መንጠቆው ሲታይ ግማሽ ክብ ከሆነ ይሄ ይመጣል። ማሽኑን አቁመው ወደ ታች ያውርዱት፣ መንጠቆውን ዘይት ይቀቡ፣ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ሲገዙ ጠመዝማዛ መንጠቆ ያለውን ቢመርጡ ሊጡን ወደ ታች ስለሚገፋ ችግሩ ይቀንሳል።

መምቻው የሳህኑን ታች አይነካም፣ ዱቄት ይቀራል። ይስተካከላል?

በብዙዎቹ ይስተካከላል። ጭንቅላቱ በሚነሳው ማሽን ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ብሎን አለ፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ የሽቦ መምቻው ዘንግ ላይ በቁልፍ የሚላላ ዳዶ አለ። ቀጭን ሳንቲም ሳህኑ ውስጥ ጥለው ጠፍጣፋውን መምቻ በዝግታ ያዙሩ። ሳንቲሙ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ልኩ ነው። ጨርሶ ካልተነካ መምቻው ሩቅ ነው፣ ሳያቋርጥ ከተገፋ ደግሞ በጣም ቀርቧል፣ ሳህኑንም ይፍቃል።

ከጭንቅላቱ ቡናማ ዘይት ወደ ሊጡ ይንጠባጠባል፤ አደገኛ ነው?

ጥርሶቹ የሚሠሩበት ግሪስ ነው። ማሽኑ ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆመና ቤቱ ሞቃት ከሆነ ዘይቱ ከግሪሱ ይለያል፤ ለዚህም ነው ድሬዳዋ ላይ ከሐረር ይልቅ የሚታየው። የነካው ሊጥ ይጣል። ባዶውን በመካከለኛ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ በማሠራት ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይዋሃዳል። ካልቆመ ተፈትቶ አሮጌው ግሪስ ተጠርጎ ይቀየር። ለመኪና የሚሆን ግሪስ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ለምግብ ማሽን የተሠራ መሆኑን ጠግኙን አጥብቀው ይጠይቁት።

በአንድ ማሽን፣ በአንድ አሠራር ድሬዳዋ የተነሳው ኬክ ሐረር ላይ ለምን ሰመጠ?

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እንቁላሉ ውስጥ የተያዘው አየር ምድጃ ውስጥ የበለጠ ይለጠጣል፤ ኬኩ ሳይጸና ያብጥና መሃሉ ይወድቃል። ኃይለኛ ማሽን ያለው ሰው ይህን ያባብሰዋል፣ እንቁላሉን ከሚገባው በላይ ስለሚመታ።

ሐረር ላይ እንቁላል ነጩን ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አይምቱት፤ መምቻው ሲነሳ ጫፉ ጎንበስ ሲል ያቁሙ። ከከፍተኛው ይልቅ በመካከለኛ ፍጥነት ይምቱ፤ አረፋው ደቃቅና ጠንካራ ይሆናል። ቤኪንግ ፓውደሩንም ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ላይ ሩቡን ያህል ይቀንሱ። ለዝቅተኛ አገር የተጻፈ አሠራር ከሆነ ድሬዳዋም ላይ ጥቂት መቀነስ ይፈልጋል።

ያገለገለ ብገዛ ምን ምን ልይ?

ያገለገለ ጥሩ ማሽን ከአዲስ ደካማ ማሽን ይሻላል፤ ግን በቅድሚያ ባዶውን 5 ደቂቃ በመካከለኛ ፍጥነት ያሠሩት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ፍጥነት ያሳልፉት። መዝለልና መንተባተብ ካለ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ታሟል። መምቻ የሚሰካበትን ዘንግ ይዘው ይነቅንቁት፤ ትንሽ መላላት ጤነኛ ነው፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ግን ጥርሱ ተበልቷል። የጭንቅላቱን መቆለፊያ ይፈትሹ።

ሳህኑንና ሦስቱን መምቻዎች (መንጠቆውን፣ ጠፍጣፋውንና የሽቦውን) ሳያዩ አይክፈሉ። የአንዱ ማሽን ሳህን ለሌላው አይገጥምም፣ ለብቻው ማግኘትም ያስቸግራል። ጠቁሮ እጅ የሚያቆሽሽ የአሉሚኒየም መምቻ ሊጡንም ያጠቁራል፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ያለው ይመረጣል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መንጠቆው ግን አይዞርም። ማሽኑ አለቀለት?

ብዙውን ጊዜ አላለቀለትም። ሞተሩ ከጮኸ ሞተሩ ደህና ነው፤ የተሰበረው መሃል ላይ ያለ ጥርስ ነው። አንዳንድ አምራቾች ሆን ብለው ከጥርሶቹ አንዱን ለስላሳ አድርገው ይሠሩታል፤ ሊጡ ሲከብድ እሱ ተሰብሮ ሞተሩን ያድናል። ያ ጥርስ ከተገኘ ጥገናው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ይዘው መለዋወጫው ይገኝ እንደሆነ ጠግኞችን ይጠይቁ።

ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሳ፣ ወይም እየተቆራረጠ ብልጭታ ካሳየ መጀመሪያ የሚታየው ካርቦኑ ነው። ጥንድ ነው፣ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። የተቃጠለ ሽታና ጭስ ከመጣ ግን ጉዳቱ የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል ነክቶታል። ነቅለው ያቁሙት፣ «ቀዝቅዞ ይሆን» ብለው ደግመው አይሰኩት። ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ለከባድና ባለ ብረት ጥርስ ማሽን ማስጠቅለል ያዋጣል፣ ለቀላሉ የፕላስቲክ ማሽን ግን የጥገናው ዋጋ የማሽኑን ግማሽ ካለፈ ይተውት።